የሰገነቱ ቤት ለቅሶ

አስካለ ጠዋት ጠዋት የሰገነቱን መስኮቶች ትከፍትና ከፈረሱት ቤቶች ተነስቶ ጣውላው ላይ ያረፈውን ቀይ አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። አባቷ በጭቃና በጽድ ያሠሩት ባለ ሰገነት ቤት ግራና ቀኙ ተመንጥሮ ብቻውን ቆሟል። ጎረቤቶቿ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል፤ ከግድግዳቸው የወጣው የአሮጌ ጭድና የጥላሸት ሽታ ግን ሰፈሩን አልለቀቀም። ቤቷ በቅርስነት ይያዝ አይያዝ ገና አልተወሰነም። ዶዘሩ ውሳኔውን ካልቀደመው ተወልዳ ያደገችበት ቤት ይተርፋል።

ዘዴውን ያመጡት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሰው ናቸው።

«ለቅሶ ቤት ላይ ዶዘር የሚነዳ ሹፌር አልተፈጠረም» አሏት። «ድንኳን እንትከልበት።»

«ማን ሞተ ብለን? እኔ እንደሆንኩ አንድ ዘመድ የለኝ።»

«ወንድም ፈጥረን እናወጣልሻለና። ሩቅ አገር ሞቶ መርዶ መጣ ካልን አስከሬኑ የታለ የሚል የለም።»

«እግዜርን አይፈሩም ጋሽ ደምሰው?»

«ያልተወለደ ሰው ቢሞት ማን ይቀየመናል?» ብለው ሳቁ። አስካለም ሳቀች። ስሙን አጥናፉ አሉት። ነገሩ ከሁለታቸው እንዳይወጣም ተማማሉ።

ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ የአጥናፉን ሞት ተናገረ። ድንኳኑ ደጁን ሞልቶ ተተከለ። ርቀው የሄዱት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ረፋዱ ላይ ዶዘሩ እያጓራ ደረሰ፤ ሹፌሩም ድንኳኑን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ጭብጥ ንፍሮ ቀምሶ ወደ መጣበት ተመለሰ። አስካለ ደስታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አልቃሽ እትዬ ዘርፌ ደረቷን እየመታች ሟቹን ታነሳ ጀመር። የግራ ቅንድቡን ጠባሳ አነሳች፤ ደረጃውን ሲወጣ ማፏጨቱን፣ ልጅ ሳለ ጨለማ እየፈራ እህቱ ጉያ መሸጎጡን አነሳች። ሴቶቹ እውነተኛ እንባ አለቀሱ። ጋሽ ደምሰው ደህና አድርገው አስጠንተዋታል ስትል አስካለ በልቧ አደነቀቻቸው።

በማግስቱ ዝናብ ያዘ። ሸራው ውሃ አዝሎ ጎበጠ፤ ከውስጡ የእርጥብ ጋቢ፣ የንፍሮና የረገበ ጭቃ ሽታ አንድ ላይ እየታፈነ ይነሳ ነበር። ጋሽ ደምሰው ወንዶቹን ሰብስበው ያወራሉ።

«አጥናፉ እኮ እዚህ ሰገነት ላይ ሆኖ ቆሎ እየወረወረ አናታችንን ይመታን ነበር። ያ ባለጌ!»

ወንዶቹ እያለቀሱ ሳቁ። አስካለ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ለእኔ እንኳ ማስመሰሉን ይተዉልኝ። እኛው እኮ ነን ፈጥረን ያወጣነው።»

ቀና ብለው ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል።

«አይዞሽ አስኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ሀዘን መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያስክዳል።»

ያን ጊዜ ፎቁ ላይ ሰው ተራመደ። እርምጃው የከባድ ሰው ነው፤ የላላውን ጣውላ እያወቀ ይዘለዋል፣ መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በጥርስ መሀል የሚወጣ ስስ ፉጨት ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ወረደ። ለቀስተኛው ቀና ብሎ ወደ ሰገነቱ አየና መልሶ አቀረቀረ፤ የገረመው ሰው አልነበረም።

አስካለ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ፎቁ ወጣች። መኝታ ክፍሏ የትምባሆና የሰው ላብ ይሸታል። አልጋዋ መሀሉ ሰርጉዷል፤ እጇን ብታሳርፍበት ሙቀቱ ገና አልወጣም። ቀሚሶቿ ከተሰቀሉበት ምስማር ላይ የሉም፤ በቦታቸው አንድ ካፖርት ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰው ግን የለም።

ታች ጡሩምባው እንደገና ተነፋ። ከትናንቱ የባሰ ዋይታ ተነሳ። በደረጃው ስትሮጥ፣ ሁልጊዜ የሚያቃስቱት እርከኖች ከእግሯ ስር ዝም አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ እሷ በተቀመጠችበት የሀዘንተኛ ቦታ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት አቀርቅሯል። ጋሽ ደምሰው ትከሻውን ይዘውታል።

«በርታ እንጂ አጥናፉ። ቤቱ በቅርስነት ተይዟል፣ የቅርስ ሰዎች አሁን ነግረውን ሄዱ። እህትህ ይህን ሳታይ መቅረቷ ነው የሚቆጨው።»

«ጋሽ ደምሰው» አለች አስካለ። ዞር ያለ የለም። ጮክ ብላ ደገመችው፤ አጠገቧ ያለችው ሴት ብርድ እንደነካው ሰው ጋቢዋን ሰበሰበች። እትዬ ዘርፌ ተነስታ ደረቷን መታችና ስሟን ጠራች፤ አስካለም መሄጃ ስታጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሰዉ ኋላ ተቀመጠች፣ ከሰዉም ጋር ለአስካለ ማልቀስ ጀመረች።