መብራት ሲመጣ የዘፈነችው

«ማንም እንዳይነካው!» ብላ በስልክ አዝዛ ስለነበር፣ መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹም ሸክላውም እንዳሉ ጠበቋት። ሟቹ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ከራስጌው ያለው የብረት ጠረጴዛ ጠርዝ ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ሸክላው ይዞራል። ዘፈኑ ካለቀ ቆይቷል። መርፌው የመጨረሻው መስመር ላይ እየተመላለሰ ኳ... ኳ... ይላል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ፖሊሶች ሁሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ጆሮ» በሚል ነው። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ሲቆጣጠር ኖሮ በጡረታ የወጣ፣ ሰውን ከፊቱ ይልቅ ከኮቴው የሚለይ ሰው ነበር። ዘፋኝ ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ድምፅዋ የቀረው በአንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ በዚያው በሚዞረው።

ያን ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ሥራቸውን ሊያስመዝኑ መጥተው ነበር። የሬዲዮ ጣቢያው ቤተ መዛግብት አሮጌ ሸክላዎቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጥ አስቧል። ለዚህም ከመርፌው የሚወጣውን የትንኝ ያህል ድምፅ አሳድጎ ለትልቁ ማጉያ የሚያቀብል ሣጥን፣ ቅድመ ማጉያ የሚሉት፣ ያስፈልገዋል። አንዱን አንድ የፊዚክስ መምህር ትራንዚስተር በሚባሉት በዘመኑ ጥቃቅን ቁራጮች ሠርቶታል። ሌላውን «ባለ አምፖሉ» የሚባለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ እንደ ጥንቱ በመስታወት አምፖሎች ሠርቶታል። የትኛው እንደሚሻል ጋሽ ጆሮ ይፍረድ ተባለ።

የሟቹ ታላቅ እህት ከጎን ያለው ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። መርማሪዋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? ስምንት ሰዓት ላይ መምህሩ ወጣ። ወንድሜና ባለ አምፖሉ ቀሩ። ሸክላው ይጮሃል፣ እነሱም ይነጋገራሉ። ስምንት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ከዚያ ጭጭ።»

«ዘጠኝ ተኩል ላይስ?»

እትዬ የሹራባቸውን ጫፍ ጨበጡ። «መብራቱ ቦግ አለ። ያኔ ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ የወንድ ማቃሰት የመሰለ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ መጣና... እሷ ሆነ። የወንድሜ ሚስት። ከዘፈኑ መሐል ጀምራ ቀጠለች። እኔ በሬን ቆለፍኩ። የሞተ ሰው ሲመጣ ሌላ ምን ይደረጋል?»

«መብራቱ ከመጣ ምን ያህል ቆይቶ ነው?»

«ምን ይቆያል! ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም።»

መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ፖሊሶቹ በእሱ ላይ ፈርደው ጨርሰዋል፤ ጋሽ ጆሮ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሸክላ ካጫወተ በሕይወት ነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የገባው ደግሞ መምህሩ ብቻ ነው።

«ለምን ተመለሱ?»

«ሣጥኔን ልወስድ ነዋ! የኔን ሰምቶ ስለጨረሰ ካርቶን ውስጥ ከትቼው ነበር የሄድኩት። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው፤ ይዩት።»

«ስለዚህ የተሰካው የባለ አምፖሉ ነው።»

«የሱ ነው። እኔ ምንም አልነካሁም።»

ባለ አምፖሉን ሱቁ ውስጥ አገኘችው። ተጫዋች ሰው ነው፤ ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት።

«እኔ መብራቱ ሲጠፋ ተሰናብቼው ወጣሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ፀጉር ቤት ነበርኩ። ፂሜን ልላጭ ገብቼ መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ደግነቱ ግማሽ ፂሜ ተላጭቶ አልጠፋብኝም። መብራት ሲመጣ ሁላችንም አጨበጨብን። ጠይቂያቸው።»

«ጠይቄያቸዋለሁ። እውነትህን ነው። ለመሆኑ ያንተ ሣጥን ከመምህሩ በምን ይለያል?»

ፊቱ በራ። «እህቴ፣ ትራንዚስተር እንደነኩት የሚለፈልፍ ነገር ነው። አምፖል ግን እንደ ሰው ነው። ከእንቅልፉ ቀስቅሰሽው ወዲያው አያወራሽም። ግማሽ ደቂቃ ዝም ብሎ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላ ነው የሚዘፍነው።»

«ሳይሞቅ ትንሽም አይናገርም?»

«ዲዳ ነው አልኩሽ!»

መርማሪዋ ደብተሯ ላይ «ዲዳ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

ሰኞ ከሰዓት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መርፌውን ከዘፈኑ መሐል አሳረፈች። የሟቿ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው እትዬ ዓይናቸውን ሸፈኑ። መርማሪዋ እጇን አነሣች፤ ቆጣሪው ጋ የቆመው ፖሊስ መብራቱን አጠፋው። ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሞተ። አምፖሎቹ እስኪቀዘቅዙ አሥር ደቂቃ በግማሽ ጨለማ ተቀመጡ።

«አብራው!»

ከመሬት ሥር የሚወጣው ማቃሰት ወዲያው ተነሣ። እየቀጠነ ሄዶ ሴት ሆነ።

«እሱ ነው!» ብለው እትዬ ጮኹ። «በአምላክ፣ አጥፊልኝ!»

መርማሪዋ መርፌውን አነሣች።

«ቅዳሜ ሸክላውን ያስጀመረ እጅ የለም። መብራቱ ሲሄድ መርፌው ዘፈኑ ላይ ነበር፤ ሲመጣ ማጫወቻው በራሱ ተነሣ። ፍጥነቱ እስኪሞላ ድምፁ ይወፍራል፤ ማቃሰቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጋሽ ጆሮ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆሞ ሸክላ ያጫውት ነበር የሚያሰኘን ምንም ነገር የለም። ፀጉር ቤቱም ለማንም ምስክር አይሆንም።» ወደ ባለ አምፖሉ ዞረች። «ሁለተኛው ነገር ግን ይብሳል። የተሰካው ያንተ ሣጥን ነው። ሳይሞቅ ዲዳ ነው ብለኸኛል። አሁንም፣ ቅዳሜም፣ ማን ነው የተናገረው?»

ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን አነሣች። አምፖሎቹ ያምራሉ፤ ከሥራቸው የሚሄደው ሽቦ ግን ለመብራታቸው ብቻ ነው። ድምፁ የሚያልፈው ጥግ ላይ በተደበቀች፣ ጥፍር በምታህል ጥቁር ቁራጭ ነበር።

«ትራንዚስተር!» አለ መምህሩ። «ያውም ርካሹ!»

«ጋሽ ጆሮ ደርሶበት ነበር» አለች መርማሪዋ።

ባለ አምፖሉ ወንበሩ ላይ ጠወለገ። «አንዴ አጥፍቶ አበራው። ድምፁ ወዲያው መጣ። ሳቀብኝ... "ልጄ፣ ይሄ እኮ ፋኖስ ነው፤ ሰኞ ለቤተ መዛግብቱ እነግራለሁ" አለኝ። የሚጠፋው ሃያ ዓመት የገነባሁት ስሜ ነው። አንዴ ብቻ ገፋሁት። ሲወድቅ መብራቱ ሄደ። የሷ ድምፅ እንደዚያ እየወፈረ... ሸሸሁ። ሣጥኔን ብወስድ ይታወቅብኛል ብዬ ተውኩት። ሞቷል ብዬ ነው!»

«አልሞተም ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ተንፍሷል ብሏል። ሰው ብትጠራ ይተርፍ ነበር።»

ወሰዱት። መምህሩም ካርቶኑን አቅፎ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። እትዬ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«አንድ ያልነገርኩሽ አለ» አሉ። «ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ያው ማቃሰት ተሰማኝ። ሁለቴ። እሷ ልትወስደኝ የመጣች መስሎኝ ራሴን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ።» የመርማሪዋን እጅ ያዙ። «እሱም የሸክላው ነው፣ አይደል? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ያለቀ ሸክላ እንደማያቃስት መርማሪዋ ታውቃለች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ያላረጋገጠችውን ተናግራ አታውቅም።

«የሸክላው ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ፊቷን ረጅም ጊዜ አዩት። እጇን ግን አልለቀቁም።

«መዋሸት አትችይበትም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ግድ የለም። ቸኩለሽ ካልሆነ ትንሽ አብረሽኝ ተቀመጪ።»

መርማሪዋ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።