የቀይዋ መኪና ቦዲ የተነሳ ዕለት

ጁምዓ ከመኪና ሥር ተጋድሞ ሳለ ሁለት እጆች ቁርጭምጭሚቱን ይዘው ጎተቱት። ያ ጉልበት እኮ ዳቡስ ወንዝን ወደ ኋላ ያስፈስሳል!

«መኪና ተጫነው! ድረሱለት!»

ፊቱ ዝገት ለብሶ፣ መፍቻውን እንደጨበጠ ብቅ አለ። «ኧረ ደህና ነኝ! እየሠራሁ ነው!»

ልጅቱ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ጣሂራ ናት፤ አምና ከወሎ በሰፈራ የመጣች። የውሃ እንስራዋን አንስታ ስትሄድ፣ ጁምዓ ቡሎኑን እየፈታ ይሁን እያጠበቀ ጠፋበት። ያውም ጁምዓ! ከኩርሙክ እስከ ባምባሲ ያለ ቡሎን ሁሉ ኮቴውን ሲሰማ በራሱ የሚላላለት!

ከዚያ ወዲህ የውሃ መንገዷ ጁምዓ በሚሠራበት ግቢ አጥር ሥር ሆነ። የእሱም ሥራ አላልቅ አለ።

መኪናዋ የሐጂ ረጀብ ናት። ከካርቱም የመጣች፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር የእሽቅድምድም መኪና፤ በደህና ዘመኗ ነፋስን ቀድማ ደርሳ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አሁን ዝናብ በልቷት ሻሲዋ፣ ቦዲው የሚያርፍበት ብረት፣ ወንፊት ሆኗል። ሐጂ ደግሞ ልጃቸውን ዓዲላን ለባምባሲ ነጋዴ ሊድሩ ነውና፣ ሙሽሪት በዚህች መኪና ካልወጣች ብለዋል።

«ጁምዓ ልጄ፣ ይህችን አድንልኝ። ጣሂራ አባት ዘንድ ሽማግሌ ሆኜ የምሄደው እኔ ራሴ ነኝ።»

አባት የሌለው ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ለጣሂራ ግን አልነገራትም። ሊያስደንቃት ፈልጎ «ሐጂ ቤት ትልቅ ጉዳይ አለኝ፤ ቆይ ታያለሽ» ብቻ ይላታል፣ እየሳቀ።

አንድ ቀን ጣሂራ ቀና ብላ ሳታየው አለፈች።

«ጣሂራ! ምን ሆንክ?» ሲደነግጥ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል፤ ያደገበት ቋንቋ በርታ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቃ ታርመው ነበር።

«ምንም። ሥራህን ሥራ።»

ጁምዓ ግራ ገባው። ምን አጠፋሁ? ግራሶ ሸተትኩ? ሞተር ቢሆን ፈታትቶ ያየው ነበር... ይኼ ግን ከየት ይጀመራል?

ሻሲውን ለመበየድ ቦዲው መነሳት ነበረበት። ክሬን የሚባል ነገር አሶሳ ወሬው እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ነፊር ተጠራ፤ የአገሩ ሰው ለከባድ ሥራ የሚጠራራው እንዲህ ነው። ከሰፈራ ጣቢያውም ወንዶች መጡ፣ የጣሂራ አባት ከፊት። ቡሎኖቹ ተፈቱ፤ ረጃጅም ቀርከሃ ከወለሉ ሥር ገባ። ዙምባራ ነፊዎችም መለከታቸውን ይዘው ደረሱ፤ እዚህ አገር ሥራ ያለ ዙምባራ አይነሳም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ቢስሚላህ! አንሱ!»

ቦዲው ከሻሲው ተላቀቀ። ዝገት እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። ጁምዓና የጣሂራ አባት በአንድ ቀርከሃ ሥር ትከሻ ለትከሻ ሆነዋል። ያኔ ጣሂራ ሰው ሰንጥቃ ፊቱ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ጁምዓ።»

«ምን አግኝቼ?»

«ሰርግህ ነዋ! ሐጂ ቤት ትልቅ ጉዳይ አለኝ አላልከኝም? መለከቱ፣ እልልታው... የዓዲላ ሙሽራ!»

«እኔ?!»

«ኧረ ጁምዓ ተራመድ! ትከሻችን ወለቀ!» ጮኸ አንዱ ከኋላ።

«እኛ አገር እንዲህ የሚነፋው ለሰርግ ነው» አለች ጣሂራ።

«እዚህ ለሥራም ይነፋል! ዓዲላ የምታገባው የባምባሲውን ነጋዴ ነው። እኔማ...» የአባቷ ትንፋሽ ጆሮው ሥር ነው። እንዳይሸሽ ቀርከሃው ተጭኖታል፤ እንዳይለቀው መኪናዋ ትወድቃለች። «እኔማ አንቺን ነው!»

ዙምባራው ቀጥ አለ። አሶሳ በሙሉ ሰማች። ካርቱምም ሳትሰማ አልቀረችም።

ሐጂ ረጀብ ከግቢው ማንጎ ጥላ ሥር ተነሱ። «እንግዲህ ቀን ቆርጬ ልመጣ ነበር... ልጅዎን ለልጄ ይስጡልኝ።»

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ይህን ላስቀምጥ!» አሉ አባት።

«መልሱን ሳንሰማ አናወርድም!» አሉ ቅድም ሲያቃስቱ የነበሩት ሁሉ።

«ዘመድ ሳላማክር? ሽማግሌ ይመላለሳል እንጂ!»

«ያማክሩ፤ እኛ ተሸክመን እንጠብቃለን!»

አባት አንገታቸውን አጣመው ልጃቸውን አዩ። ጣሂራ እንባዋን ጠርጋ አቀረቀረች፤ ፈገግታዋ ግን አልሸሸግ አለ።

«ሰጥቻለሁ! አሁን አውርዱ!»

ብየዳው አላልቅ ብሎ ዓዲላ በጭነት መኪና ተዳረች። አዝመራው ሲገባ ያው ሰው ቦዲውን ሊመልስ ተጠራ። ዙምባራው ተነፋ። ጣሂራ እጇ ሒና ተቀብቶ አጠገቡ ቆመች።

«ዛሬስ ሥራ ነው ሰርግ?»

«ሁለቱም!»

ሙሽሮቹ መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ማን ግድ ሰጥቶት! አባቷ ከፊት ሆነው፣ ሰዉ ሁሉ እየገፋ ሙሽሮቹን ወደ ሰፈራ ጣቢያው ወሰዳቸው።

«መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ እንጂ!» ጮኹ አባቷ።

ጁምዓ አልቻለም። አንደኛውን እጁን ጣሂራ አልለቀቀችውም።