ከ«ከት» በኋላ

ተዋናይዋ የሞተችው በምሳ እረፍት ላይ፣ በልብስ መቀየሪያ ክፍሏ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ የባለጸጋ እመቤት ቀሚስ እንደለበሰች ነው። ቀሚሱ ሰፍቷት ስለነበር ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተሸብሽቦ ተይዟል። ከፊት ሐር፣ ከኋላ ሽቦ፤ ፊልም የሚሉት ነገር እንዲህ ነው።

ያገኘቻት ታላቅ እህቷ ናት። በስቱዲዮው ያለ ሰው ሁሉ «እታለም» ይላታል። ተዋናይዋን የምታለብሳት፣ በቀረጻ ላይ የምትጠጣውንም የምትቀዳላት እሷ ነበረች። የከሰዓቱን ልብስ ተኩሳ ስትገባ እህቷ የተኛች መሰላት።

«ሚጣዬ፣ ተነሽ እንጂ፤ ፀጉርሽ ይበላሻል» አለቻት። ከዚያ እጇን ነካች። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት በሰማው ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ዛሬም አለ።

ባልየው በስልክ ተጠርቶ መጣ። ደረቱን እየደቃ፣ «ከሚስቴ ጋር ብቻዬን ተዉኝ!» ብሎ ሁሉንም አስወጣ። ሀዘንተኛን ማን ይከለክላል? ወጡለት።

ሳጅኑ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። መስታወቱ ፊት ከቀረጻ የተመለሰ ብርጭቆ ነበር፤ ወይን መስሎ እንዲታይ የተቀዳ ቀዝቃዛ ሻይ። ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። ማን ቀዳው? እታለም። ማን ጠጣው? ሳጅኑ የጠዋቱን ቀረጻ አስከፍቶ ተዋናይዋ ብርጭቆውን አንስታ ስትጎነጭ ተመለከተ። በቃው። እታለም አፏን ስትከፍት፣ «በዓይኔ ያየሁትን ትቼ አንቺን ልመን?» ብሎ ካቴና አጠለቀላት። አይቶ ለረካ ሰው ጆሮ ምን ያደርግለታል!

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ መጣች። ቀጭን ናት፤ ጡረታዋ ደርሷል፤ ንግግሯ ይወጋል። ፖሊሶቹ በሌለችበት «ወስፌ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። እታለምን ከእስር ቤት ወደ ስቱዲዮው አስመጥታ፣ እህቷ የሞተችበት ክፍል አስቀመጠቻት።

«ካቴናውን ፍታላት» አለችው ሳጅኑን።

«ብታመልጥስ?»

«ይቺ? እግሯ እዚህ፣ ነፍሷ ሬሳ ክፍል ያለች ሴት የት ታመልጥሃለች? ፍታ!»

እታለም እጆቿን አላሻሸችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

«ቀብሯ ዛሬ ከሰዓት ነው። ባሏ በዚያው ቀሚስ ትቀበር ብሏል፤ ሕዝቡ የሚያውቃት እንዲያ ነው አለ። መርፌ ቁልፎቹ ጀርባዋ ላይ እንዳሉ ናቸው። ልብሷን ልቀይርላት፤ ከዚያ ስቀሉኝ።»

«ማንም አይሰቅልሽም፤ አውሪኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታለብሻት?»

«ከሽንት ጨርቋ። እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያጎረስኳት። መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ ሠራች፤ የሚታየው እጇ ብቻ ነበር። ቀጥሎ በተከታታይ ድራማ ሠራተኛ ሆና፣ "እሺ እመቤቴ" ስትል ከረመች። ኋላ ክፉ ምራት አደረጓት። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቲማቲም ወረወረችባት። ቤት ገብታ በደስታ አለቀሰች። "እታለም፣ አመኑኝ!" አለችኝ።»

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ ክፍሉን አየች። መስታወት፣ ሶፋ፣ የተተኮሰ ልብስ።

«ምን ጎደለ እዚህ?»

እታለም ተመለከተች። «ፔርሙዟ። ባሏ ጠዋት ጠዋት ለጉሮሮዋ ማር በሙቅ ውሃ ይሞላላታል። እያረፈች በክዳኑ ትጠጣለች። ትናንት ሶፋው ጋ ነበር።»

ወስፌ በጉልበቷ ተንበርክካ ከሶፋው ሥር እጇን ሰደደች። አቧራ፣ የፀጉር መርፌ፣ ከዚያም ተንከባልሎ የገባ የፔርሙዝ ክዳን። በመሐረብ ጠቅልላ ያዘችው።

ቀረጻው የተካሄደበት አዳራሽ የሀብታም ሳሎን ተሠርቶበታል፤ ሦስት ግድግዳ፣ ጣሪያ የለው። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ፣ ስልሳውን ደብቆ ቆሟል።

«ከሟቿ ጋር መጣላትህን ሰማሁ» አለችው ወስፌ።

«ጠብ አይደለም። አርባን ያለፈች ሴት እናት ሆና ትሠራለች እንጂ ሙሽራ አትሆንም አልኳት። ብገድላት ምን ላተርፍ? ፊልሜ ግማሽ ላይ ነው! የሞትኩትስ እኔ ነኝ!»

«አይዞህ፣ አንተን ዛሬ አንቀብርህም። ብርጭቆው ለምን ሳይታጠብ ቆየ?»

መልሱን የሰጠችው የሟቿን ቦታ ልትወስድ የተዘጋጀችው ወጣት ተዋናይ ናት፤ «ጮርቃ» ይሏታል። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ከምሳ በኋላ ከዚያው ነበር የምንቀጥለው። ሻዩ ከፍ ዝቅ ካለ ተመልካች ይስቅብናል። ማንም እንዳይነካው እታለም ወደ እህቷ ክፍል ወሰደችው።»

«አንቺስ? ለቦታዋ ስትቸኩዪ ነበር አሉ።»

«ቸኩያለሁ፤ አልዋሽም። ግን ካሜራ ፊት ማልቀስ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን ማን ያቁመኝ?»

ወስፌ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ትንሽ ባልዲ ጎትታ አወጣች። ከታች ቀላ ያለ ውሃ አለበት።

«ይሄስ?»

«እሱን ይተዉት» አለ ዳይሬክተሩ እጁን እያወናጨፈ። «የመትፊያ ባልዲ ነው። ሁልጊዜም አለ።»

«አልተውም» አለች። ባልዲውና ክዳኑ ወደ ላቦራቶሪ ተላኩ።

ባልየው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ገባ። «ሬሳ ያስጠብቃሉ እንዴ? ሕዝቡ ተሰብስቧል!»

«አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ሥራዋ ላይ ይመጡ ነበር?»

«ከትናንት በፊት ደጃፉንም ረግጬ አላውቅም።»

«ፊልሟንስ ያያሉ?»

«አንዱም አላመለጠኝ። ብዪ ሲሏት የምትበላ፣ ጠጪ ሲሏት የምትጠጣ ሴት ነበረች። የይስሙላ ነገር አታውቅም። የገደላትም ይኸው ነው።»

«ፔርሙዟ የት ገባ?»

«ከዕቃዋ ጋር ቤት ወስጄዋለሁ። ታጥቧል።»

«ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«ሚስትዎ አፈር ሳትለብስ ዕቃ ያጥባሉ?»

«ያዘነ ሰው እጁ የሚሠራውን ያውቃል?»

«አንዳንዱ ያውቃል» አለች ወስፌ።

ውጤቱ እስኪመጣ እታለም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። እህቷን ለሕዝብ ስንብት ያመጣው የሬሳ መኪና ስቱዲዮው ደጅ ሲቆም በመስኮቱ ሰማች። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር እሷም ትነሳለች፤ ሳጅኑ ያስቀምጣታል። «እባክህ ልጄ፣ አንዴ ብቻ» ትለዋለች። እሱም ፊቱን ያዞራል። በመጨረሻ ማልቀሱም አቃታት፤ ጣቶቿን ታፍታታ ጀመር፣ መርፌ ቁልፍ እንደሚፈታ ሰው።

ከላቦራቶሪው ስልክ ከተደወለ በኋላ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ጣሪያ በሌለው ሳሎን ሰበሰበች።

«ሳጅን፣ ቀረጻውን አየህ አይደል? እስከየት አየህ?»

«እስክትጠጣ።»

«ዳይሬክተሩ "ከት!" ብሎ ቀረጻውን እስኪያቆም ማለትህ ነው። ከዚያ በኋላስ? እታለም፣ አሁን ተናገሪ።»

«ለሳጅኑም ልነግረው ነበር» አለች። «አትውጠውም። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይደጋግሙታል፤ ሁሉን ብትውጥ ሆዷ ይፈነዳል። "ከት" ሲባል ባልዲውን እይዝላታለሁ፣ ትተፋለች።»

«ሁላችንም እንተፋለን» አለች ጮርቃ።

«ታዲያ ሻዩ አንድ ሻይ ነው» አለች ወስፌ። «ከብርጭቆ ወደ አፏ፣ ከአፏ ወደ ባልዲ። ባልዲው ከመርዝ ንጹሕ ነው፤ ብርጭቆው መርዝ አለበት። ስለዚህ መርዙ ብርጭቆው ውስጥ የተጨመረው ከቀረጻው በኋላ ነው። እንድናገኘው ተብሎ!»

ሳጅኑን ላብ አጠመቀው። «ምኑ ገደላት ታዲያ?»

«ማሩ። ክዳኑ ላይ መርዝ ተገኝቷል። ሻዩን ትተፋዋለች፤ ባሏ የሞላላትን ትውጠዋለች። አሁን እንጠይቅ፤ ብርጭቆውን ወጥመድ ያደረገው ማነው? ዳይሬክተሩ "ከት" ባዩ ነው። ጮርቃ አብራት ስትተፋ የኖረች ናት። እታለም ባልዲ ያዢ። ከእነዚህ ማናቸውም ብርጭቆውን አይመርጡም፤ እንደማትውጥ ያውቃሉ። ብርጭቆውን የሚመርጥ ሰው እሷን በስክሪን ብቻ የሚያውቃት ነው። የማያውቀው ሥራ ቦታ ገብቶ፣ "ብቻዬን ተዉኝ" ብሎ በር ዘግቶ፣ መርዙን የጨመረ፣ ፔርሙዙን ይዞ የወጣ። ክዳኑ ግን ከሶፋው ሥር ቀረበት።»

ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ። እሱ ወደ ሦስቱ ግድግዳዎች አየ፤ በሩ ሥዕል ነበር።

«ትታኝ ልትሄድ ነበር» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ወደ እታለም፤ እሷ ቤት ልትኖር። ዕድሜ ልኬን መንገድ ላይ "የእሷ ባል" ተብዬ... ስትሄድ እኔ ማን ልባል?»

«አይጨነቁ፤ አሁንም በእሷ ይጠራሉ» አለች ወስፌ። «"ገዳይዋ" ይባላሉ።»

ካቴናው ከሳጅኑ ኪስ ወጣ። እታለም ባልየውን አላየችውም፣ አልረገመችውም። ለእርግማንም ጊዜ አልነበራትም፤ ከሬሳ መኪናው ደርሳ በሩን ትደበድብ ነበር።

ሳጥኑ ተከፈተላት። እህቷን ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት፤ ከባድ ነበረች፣ በሕፃንነቷ ስትተኛ እንደምትከብደው። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ እንደምታደርገው እጇን በጀርባዋ አዙራ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። የሐሩ ቀሚስ ላላ።

«አለቀ ሚጣዬ» አለቻት በጆሮዋ። «አመኑሽ። አሁን ተንፍሺ።»