ሚ እና ማ

የኢልሀም ጣት ቁልፉን ሲጫን የጠያቂው አፍ ገና አልተዘጋም ነበር።

«ቆቦ ቀድመዋል» አለ ጠያቂው ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ።

«ጎርፍ» አለች።

ከጎኗ የተቀመጠው ዮናስ በጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጣት። ግን ዘግይቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጠያቂው ከንፈሩን መጠጥ አደረገና ጥያቄውን ለተመልካቹ ደገመው። «ሰብል ላይ ጉዳት የማያደርሰው የቱ ነው? ጎርፍ፣ አንበጣ ወይስ ጤዛ? መልሳችን ጤዛ ነበር።»

የማያደርሰው። አሁን ገና ጥርት ብሎ ተሰማት። ቅድም የሰማችው «የሚያደርሰው» ብሎ ነበር። የተቃራኒው ቡድን ልጅ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ አየችና የመጀመሪያው ምርጫ እንደተጠራ ተጫነችው። ጎርፍ ጉዳት እንደሚያደርስ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ያውቀዋል፤ ምን ያስጠብቃል? በ«ሚ» እና በ«ማ» መካከል ያለችው አንዲት ጭረት ጉድ ሠራቻት።

የቴሌቪዥኑ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር እዚያው ላይ አለቀ። ለፍጻሜ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ተቃራኒዎቻቸው ሆኑ፤ ኢልሀምና ዮናስ ደግሞ ከደሴ ወደ ቆቦ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ዝግጅቱ የተቀረጸ ስለሆነ ለሕዝብ የሚታየው የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ኢልሀም ከአሁኑ ቀኑን ጠላችው።

ወልድያን እስኪያልፉ ዮናስ ሹራቡን ፊቱ ላይ ጥሎ የተኛ መስሏል። ሰባት ወር ሙሉ የአገሮችን ዋና ከተማ፣ የወንዞችን ርዝመት፣ የፕላኔቶችን ስም በደብተር እየጻፈ ሲሸመድድ የከረመ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ውስጥ እሱን የሚያህል አንባቢ የለም፤ ኢልሀምን ያስመረጣት ደግሞ ፍጥነቷ ነበር። ፍጥነቷ አሁን የት እንዳደረሳቸው ታየ።

ጎብዬ ሲደርሱ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡት መምህር ፈንታው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ቡድኑን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ።

«ቆይ ቆይ» አሉ ወደ ኋላ ዞረው። «ኢልሀም፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሙህሲን።»

«የሙህሲን፤ የውሃ አባቱ። የጎርፍ ተራ የሚያካፍል ሰው ልጅ እኮ ነሽ። ዝናቡ ላስታ ተራራ ላይ ይዘንባል፤ እኛ ቆላ ሆነን የሆርማትን ወንዝ እንጠብቃለን፤ ጎርፉ ሲወርድ ጠልፈን ማሳ እናስገባዋለን። ጎርፍ ባይኖር እኛ አገር ማሽላ ሚባል ነገር አለ? ጎርፍ ያልሽው ለዚህ ነዋ። እኔ ሞኙ ደግሞ ተሳሳተች ብዬ ተናድጄ እዚህ ደረስኩ።»

ዮናስ ሹራቡን ከፊቱ ላይ አነሳ። «እንደዛ አስበሽ ነው?» አላት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያኔ ዝም ብትል ምንኛ በተሻላት። ነገር ግን ሁለቱም አይን አይኗን እያዩ ነበር፤ የዮናስ ፊት ከደሴ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሏል።

«አዎ» አለች።

«በቃ፣ ይግባኝ እንላለን» አሉ መምህር ፈንታው። «ደንቡ ይፈቅዳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ነው። ነጥቡ ከተመለሰልን ፍጻሜ ገባን ማለት ነው።» ከሮቢት እስከ ቆቦ ያለውን መንገድ ስለ ደብዳቤው ሲያወሩ ጨረሱት። ኢልሀም መስኮቱን ተደግፋ ነበር፤ አስፋልቱ ዳር የቆሙትን ባጃጆች ስትቆጥር ዮናስ ሁለት ጊዜ ጠርቷት አልሰማችውም።

በማግስቱ ማታ አባቷ ከመስጊድ ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ገባ። ሙህሲን ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ወደ ደሴ ስትሄድ «ደርሰሽ ነይ» ብቻ ነበር ያላት፤ ቴሌቪዥን ለሱ የሥራ ፈት ነገር ነው። ያን ምሽት ግን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወደ እናቷ ዞረ።

«ፈሪሀ፣ ልጅሽ ደሴ ድረስ ሄዳ ለጎርፉ ተሟገተችለት አሉ። መምህሩ ነው የነገረኝ።»

«ተሸነፍን እኮ ነው ያለችኝ» አለች እናቷ።

«ጥያቄውን ያወጣው ሰውዬ ከቧንቧ ሌላ ውሃ የሚያውቅ አይመስለኝም። ምን ታድርግ?» ኢልሀምን አያት። ግድብ ሲናድ ሳይጠራ አካፋ ይዞ የሚመጣ ጎረቤትን እንደሚያይ ነበር ያያት። እንዲህ አይቷት አያውቅም። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በመደሰቷ አፈረች።

ትምህርት ቤት ደግሞ ባሰ። ዮናስ በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጠራት።

«እግርሽን በመርገጤ ይቅርታ አቦ። ሚኒባስ ውስጥም አኩርፌሽ ነበር። እኔ ራሴ የቆቦ ልጅ ሆኜ እንዴት አልመጣልኝም?» ሳቀ። «ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ሻንጣ ሁላ ተውሳልኛለች። አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ገና ይግባኙ መች ታየና?»

«ይታያላ። ቲቸር እርግጠኛ ነው። ፈታ በይ።»

መምህር ፈንታው ደብዳቤውን በኮምፒውተር አጽፈው ሐሙስ ከሰዓት ሰጧት። ከታች የአባቷ ፊርማ ያስፈልጋል፤ የውሃ አባት ስለሆነ ምስክርነቱ ክብደት አለው። ከዚያ በታች ደግሞ ተወዳዳሪዋ ለምን እንዲያ እንደመለሰች በራሷ እጅ የምትሞላው ሦስት ባዶ መስመር ነበር። «አባትሽን አስፈርሚና ዮናስም ይፈርምበት፤ ነገ ጠዋት እልከዋለሁ» አሏት።

አባቷን ያገኘችው ሆርማት ዳር፣ ጎርፉ ከወንዙ ወደ ማሳዎቹ የሚጠለፍበት አፍ ላይ ነው። ቆቦ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በምዕራብ በኩል ግን ተራራው በደመና ጠቁሯል። ሚያዝያ ስለሆነ ሰው ሁሉ ለማሽላ ዘር ይህንን ውሃ ነው የሚጠብቀው። ስድስት ሰባት ወንዶች እሾህና ድንጋይ እየተቀባበሉ ግድቡን ያጠብቁ ነበር። አባቷ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወደ ዳር ወጣ።

«አንብቢልኝ» አለ። የመነጽር ነገር ሆኖበት እንጂ ማንበብ ይችላል። ሳይሰማ ደግሞ አይፈርምም።

ማንበብ ጀመረች። በራያ ቆላ ጎርፍ የእርሻ ውሃ መሆኑ፣ ገበሬው ጠልፎ ማሳውን እንደሚያጠጣበት፣ ደለሉም መሬቱን እንደሚያወፍረው ተጽፏል። አባቷ በእያንዳንዷ አረፍተ ነገር ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

«ተወዳዳሪ ኢልሀም ሙህሲን ጎርፍ በአካባቢው ሰብል ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑን አውቃና አስባ...»

ማንበቧን አቆመች።

«ምነው?»

«አባ፣ ይቺ ውሸት ናት።»

«የቷ?»

«የኔዋ። ጥያቄውን አሳስቼ ነው የሰማሁት። ጉዳት የሚያደርሰው የቱ ነው ያለ መስሎኝ ነው ጎርፍ ያልኩት።»

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። «ጉዳት ያደርሳል ብለሽ?»

«አዎ።»

«በቴሌቪዥን።»

«በቴሌቪዥን።»

ከፋው። አልደበቀውም፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ አካፋውን አሸዋው ውስጥ ሰካ። ሦስት ቀን ሙሉ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ የልጁን ሙግት ሲያወራ ነበር፤ አሁን እነዚያ ሰዎች አንድ በአንድ በአይኑ ሳይመጡበት አልቀሩም። ኢልሀም ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«የጎረቤታችንን የደሳለኝን በሬ አምና የወሰደውስ ጎርፍ አይደል?» አለ በመጨረሻ። «ግድቡ ከላላ ይወስዳል፤ ከጠበቀ ያበላል። ያደርሳል ማለትሽ ሐሰት አይደለም፤ ጎርፍ ነው። እስክሪብቶውን ስጪኝ።»

«ትፈርማለህ?»

«ስለ ጎርፉ የተጻፈው ልክ ነው፤ ለሱ እፈርማለሁ። ያችኛዋን መስመር ግን ሰርዣት። እኔ አንቺ ሆድ ውስጥ አልነበርኩም፤ መምህሩም አልነበረም።»

«ከሰረዝኳት እኮ ፍጻሜው ቀረ። ዮናስስ?»

«የዮናስን እኔ አላውቅልሽም።» ወረቀቱን የአካፋው ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ። የአውራ ጣቱ ጭቃ ከስሙ አጠገብ ቀረ። ከላይ በኩል ድንጋይ የሚያንከባልል የሚመስል ድምፅ መሰማት ሲጀምር ሰዎቹ ወደ ግድቡ ሮጡ። «በይ ከወንዙ ራቂ፤ ውሃው መጣ» አለና እሱም ተከተላቸው።

ኢልሀም አስፋልቱ ስትደርስ የድልድዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መስመሯን ሰረዘች። ባዶው ቦታ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እኔ ‹የማያደርሰው› የሚለውን ‹የሚያደርሰው› ብዬ ሰምቼ ነው ጎርፍ ያልኩት። ስለዚህ ነጥቡ አይገባንም። ጥያቄው ግን ጎርፍ ጠልፎ ለሚያርስ ሰው ልጅ ልክ ስላልሆነ፣ ሌላ ጊዜ እንዳይጠየቅ ቢታረም።» ስሟን ጻፈችና ደግማ አነበበችው። «ሚ» እና «ማ» መለየታቸውን ሁለት ጊዜ አየች።

የዮናስ ቤት መናኸሪያው አጠገብ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ያገኘችው ዮናስ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ሲጨርስ ከላይ ጀመረው።

«ቲቸር አይቶታል?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ለኔ ለምን ታሳይኛለሽ? ቅደጂው እንድልሽ?»

«ብትለኝም አልቀደውም።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው?»

«ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነዋ።»

«አቦ ኢልሀም» አለ። «ሚኒባስ ውስጥ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ያኔ እኮ ተሸንፌ ጨርሼ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው ያስሸነፍሽኝ።»

እውነቱን ነበር።

«አልፈርምም» አለና ወረቀቱን መለሰላት። «እናቴን ምን ልበላት? ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳለች።»

«እኔ ልንገራት።»

«ተይው።»

ከውስጥ የእናቱ ድምፅ ተሰማ። «ዮናስ፣ ማን ነው?»

«ኢልሀም ናት።»

«ታዲያ በር ላይ ታቆማታለህ? ግቢ በላት እንጂ።»

ዮናስ ኢልሀምን ትኩር ብሎ አያት። ማምለጥ ከፈለግሽ አሁን ነው የሚል ይመስል መንገዱን በአይኑ አሳያት፤ ከዚያ ግን ከበሩ ፈቀቅ አለ።

እናቱ እትዬ አስረሳሽ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው የዮናስን ነጭ ሸሚዝ ይተኩሱ ነበር። የተዋሱት ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። «ጎሽ መጣሽልኝ» አሉ ካውያውን አቁመው። «አዲስ አበባ ሲመሽ ይበርዳል ይላሉ፤ አንድ ሹራብ ልጨምርለት ይሆን? ያንቺ እናት ምን አዘጋጀችልሽ?»

ኢልሀም ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች።

«እትዬ አስረሳሽ» አለች፣ «አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት» ብላ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠች።