ያልወረድኩበት ቤት

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ዛር ያለባት ሴት ስታጓራ ሌላው ልጅ ሲሸሽ እኔ አጥር ላይ ወጥቼ የምስቅ ነበርኩ፣ ሲያትል ከመጣሁ በኋላም ቸርች ውስጥ ሰው ተነስቶ ሌሊት ጥላ አየሁ ብሎ ሲመሰክር እኔ የማስበው ማታ ምን በልቶ እንደተኛ ነው። ሥራዬም ያው ቤት መጠገን ነው፣ ወለል ሲንቋቋ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ እንደሆነ፣ ግድግዳ ሲንኳኳ የውሃ ቱቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ይሄ ሰውዬ ፈሪ ነው እንዳትል፣ በእኛ ቤት ፈሪዋ ባለቤቴ ትዕግስት ናት፣ እሷም ብትሆን የምትፈራው ሸረሪት ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሲያትል ጥግ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ኢንዶ ራቢያ የሚባሉ አሮጊት ደንበኛ ነበሩኝ፣ ኢንዶ ማለት በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፣ እኛ እማማ እንደምንለው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱላዌሲ ከምትባል ደሴት የመጡ፣ ቡጊስ ከሚባለው ብሔረሰብ ናቸው። ባላቸው መርከበኛ ነበሩ፣ እዚህ ወደብ ላይ ወርደው በዚያው ቀሩና እሳቸውን አስመጡ፣ ቁልቁለት ላይ በእንጨት ምሰሶዎች የቆመች ትንሽ ቤት ገዙ፣ ከዚያ ባል ሞቱና እሳቸው ከቤቷ ጋር ቀሩ። የምንግባባው በሁለታችንም ስብርባሪ እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነበር የማወራው።

በቤታቸው ሁለት ሕግ አለ፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ በገባህበት በር ትወጣለህ። ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር ነበር፣ እሱ የቆሻሻ መጣያ መውጫ ነው፣ ሰው አይወጣበትም። ሳሎኑ መሃል ደግሞ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት አንድ ምሰሶ አለ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መታ መታ አድርጌ አየሁትና ይሄ ምንም አልተሸከመም፣ ላንሳልዎትና ሳሎኑ ይስፋ አልኳቸው፣ እመነኝ፣ በያዙት መጥረጊያ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም። የቤቱ እምብርት ነው አሉኝ። በአገራቸው ቤት ሁሉ እምብርት የሆነ ምሰሶ አለው፣ የቤቱ ነፍስ እሱ ላይ ነው፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ይዞት ይሰናበታል፣ የተመለሰም መጀመሪያ እሱን ይነካል። እኔም ይቅርታ ጠይቄ በረንዳቸውን ልጠግን ወጣሁ።

እያደር ስንለማመድ ስለ መንደራቸው ያጫውቱኝ ጀመር። ከሩዝ ማሳ ዳር ያለች፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏት መንደር ናት፣ ቤቶቹ ሁሉ ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው። እዚያ መሬት ሌላ፣ ቤት ሌላ ንብረት ነው አሉኝ። መሬቱ የአንዱ፣ ቤቱ የሌላው ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ካማረው መንደሩ በሙሉ ይጠራና ወንዶቹ ከሥር ገብተው ቤቱን እንዳለ በትከሻቸው ተሸክመው ይወስዱታል። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው አልሳቁም። የእናታቸው ቤት የእሳቸው ነው፣ የመጨረሻ ሴት ልጅ ስለሆኑ። ታላቅ ወንድማቸው ግን ወስዶ መንገድ ዳር የራሱ መሬት ላይ ሊተክለው፣ ከሥሩ ሱቅ ሊከፍትበት ይፈልጋል። በመንደራቸው ደንብ ቤት ሲነሳ እመቤቲቱ ውስጥ ሆና እምብርቱን መያዝ አለባት፣ እሷ ሳትኖር ባዶውን ከሄደ ቤቱ የሚሆነው ለሚያስቀምጠው ሰው ነው። ታዲያ ለምን ሄደው አይቀመጡበትም አልኳቸው። ሐኪማቸው በዚህ ልብ አውሮፕላን አይታሰብም ብሏቸዋል። ያን ሲነግሩኝ ምሰሶውን በእጃቸው ይዳብሱ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አንጀቴን በሉት።

የዚያን ዓመት ኅዳር ላይ ከወለሉ ሥር ሰዎች ያወራሉ ብለው ጠሩኝ። ራኩን የሚሉት፣ ሌሊት ቤት ሥር የሚገባው አውሬ ነው ብዬ ባትሪ ይዤ ከቤቱ ሥር ገባሁ። ምንም የለም፣ ራኩንም የለም፣ ግን ውጭው ዝናብ ሆኖ ከሥር ያለው አየር ሞቃትና ደረቅ ነበር፣ ገለባ ገለባ ይሸታል። የማሞቂያው ቱቦ አፈትልኮ ይሆናል ብዬ ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ስወጣ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰማሁ መሰለኝ፣ ዞርኩ፣ ማንም የለም። ለትዕግስት እንኳን አልነገርኳትም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ገና አመሻሽ ላይ ነው፣ መቼም የሲያትልን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ከሥራ መልስ ገና ቤቴ ሳልገባ ትዕግስት ደጅ ድረስ ወጥታ ጠበቀችኝ።

«ያቺ ሴትዮ ኮል አድርጋ ነበር፣ ቤቱ እየተነሳ ነው አለች። ሶ ምን ማለቷ ነው?»

እኔ ቁልቁለቱ ተንዶ ነው ብዬ መኪናዬን እያበረርኩ ሄድኩ። እንደ ነገሩ ፓርክ አድርጌ፣ ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ፣ በጭቃ ቡትስ እንዳለሁ ዘው አልኩ። ጫማ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ኢንዶ ራቢያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምን ሆኑ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ በብርጭቆው ውስጥ ወደ አንድ ጎን አጋደለ፣ አጋድሎም ቀረ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ነው አልኩ። በመስኮት ሳይ ግን ጎረቤታቸው ዝናብ ላይ ቆሞ የቆሻሻ በርሜሉን በእርጋታ ይጎትታል። ያን ጊዜ ከወለሉ ሥር አንድ ወንድ ጮክ ብሎ ጠራ፣ ብዙ ወንዶች ባንድ ድምፅ መለሱ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ከፍ አለ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት መወዛወዝ ጀመረ፣ ሰው የተሸከመው ነገር በየእርምጃው እንደሚወዛወዘው፣ ጎረቤትየውም፣ አጥሩም፣ የመንገዱ መብራትም በመስኮቱ ቀስ እያሉ አለፉ። እመነኝ፣ አለፉ። የብዙ እግር ኮቴ ይሰማኛል፣ ማሳ ውስጥ ጭቃ ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ።

ኢንዶ ራቢያ ቀና ብለው አዩኝና፦

«ያዝ እንጂ» አሉኝ፣ «እኔ ብቻዬን ቀላል ነኝ፣ ባዶ ነው ይሉታል።»

ምን ላድርግ፣ ተንበርክኬ ያዝኩት። እንጨቱ ይሞቃል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ እያምታታሁ እዘምር ነበር። በኋላ ከሥር ድምፆቹ ተለወጡ፣ ጭቅጭቅ መሰሉ፣ ቤቱ ዱብ ብሎ ተቀመጠና ሻዩ ተስተካከለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። እሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ በዝግታ ተነሱ፣ በፊት በር ወጡ፣ ደረጃውን ወርደው መሬቱን በእጃቸው ነኩ። እኔስ? እኔማ እግሬ ወደመራኝ ነው የሮጥኩት፣ በወጥ ቤቱ በር፣ በጓሮ ዞሬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

እዚህ ሲመሽ እዚያ የነገው ጠዋት ነው፣ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከቀናት በኋላ ከመንደሩ ተደወለላቸውና ጠርተው ነገሩኝ። ወንድማቸው መንደሩን ሰብስቦ ቤቱን አስነስቶ ነበር። ዕቃው ሁሉ ወጥቶለት ባዶ ነው፣ ግን ተሸካሚዎቹ ማሳው መሃል ሲደርሱ ትከሻቸው አልችል አለ፣ ላይ ሰው አለ፣ ይውረድ ብለው ጮኹ። አስቀምጠው ላይ ወጥተው ቢያዩ ማንም የለም። እምብርቱ ሥር ግን የጭቃ ቡትስ ዱካ አገኙ፣ በዚያ አገር ማንም ሰው ቤት ውስጥ ጫማ አያደርግም። ወንድምየው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ቤቱን ወደ ቦታው መልሱልኝ ብሎ አስመለሰው።

ደስ አለኝ፣ ቤታቸው ተርፎላቸዋል። እሳቸው ግን ፊታቸው አልፈታ አለ። ቤቱ ሲመለስም ከባድ ነበር አሉኝ። እመቤቲቱ በደንቡ ወርዳለች፣ ሌላው ግን አልወረደም ይላሉ፣ ሲመሽ በጫማ ሲራመድ ይሰማል። በየት በር እንደወጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በዚያማ ሰው አይወጣም፣ ገና ውስጥ ነህ ማለት ነው አሉኝ።

በነጋታው ተመልሼ ሄድኩ፣ ለእሳቸው ደስ ይበላቸው ብዬ ነው እያልኩ፣ ግን ለራሴም ነበር። እንደ ደንቡ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ፣ ምሰሶውን ነካሁ፣ በፊት በር ወጥቼ ደረጃውን ወርጄ መሬቱን በእጄ ነካሁ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ደወልኩላቸው።

«አሁንም ይሰማቸዋል» አሉኝ። «አንተ የወረድከው በባዶ እግርህ ነው። እነሱ የሚሰሙት ጫማ ያደረገውን ነው።»

በቡትሱ እንዳልደግመው፣ ትዕግስት ሽታው አልለቅ ብሎኛል ብላ ከጣለችው ቆይታለች፣ ምን ይሸታል ስላት ገለባ ገለባ አለችኝ። ኢንዶ ራቢያ በሚቀጥለው ጸደይ አረፉ፣ የዋይት ሴንተሯ ቤትም ተሸጣ ፈረሰች፣ ቦታው አሁን መኪና ማቆሚያ ነው። የመንደሩ ቤት ግን እንደቆመ ነው፣ የእህታቸው ልጆች ይኖሩበታል። ሲመሽ የፊት በሩን ክፍት ይተዉታል አሉ፣ እኔ እንድወርድ። እኔ እዚህ ሬኒየር ቢች ቤቴ ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር እግሬ ጫማ እንዳደረገ ይሰማኛል፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው ባዶ ነው።