ሄድፎኑ ከጆሮው ሳይወርድ

ዲሪባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን በኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ሞቷል። ሄድፎኑ ከሁለቱም ጆሮዎቹ አልወረደም። ከኋላ የተመታበት የካሜራ ማቆሚያ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። ከሞተ አንድ ሌሊት አልፎታል፤ የዓለም ገና መንገድ በድንጋይ ስለተዘጋ ግን አስከሬኑን የሚያነሳ መኪና አልደረሰም። ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ባሉ መሬቶች ላይ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ያስነሳው ቁጣ ከተማውን ይዞት ለሬሳ እንኳ መተላለፊያ ጠፍቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ሰብለወርቅ ከሰበታ በእግሯ መጣች። እውነቱን ለመናገር የተጠራችው እንድትመረምር አልነበረም፤ እንድትፈርም ነው። የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ጨርሶታል፤ ገዳይዋ ሚስቱ ሄመን ናት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሰልፉ የተያዙትን ወጣቶች ወደ ሩቅ እስር ቤት የሚወስድ የጭነት መኪና ወታደሮች ድንጋዩን እያስነሱለት ይመጣል፣ ሄመንም አብራ ትጫናለች። በዚያ ሰሞን በዚያ መኪና የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የአምስት ወር ልጅ አላት። ለማን እንደምትተወው አታውቅም፤ ያላት አንድ ወንድም ኢፋም ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«ሦስት ሰዓት ይስጡኝ» አለች ሰብለወርቅ።

«ምን ሊያደርግልሽ?» አለ አዛዡ። «ትናንት ሁለት እንግዶች ነበሩት፤ ሁለቱም ወጡ። እነሱ ከወጡ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በትልቁ ስፒከር የሰርግ ዘፈን ለቀቀ። መንደሩ በሙሉ ሰምቶታል። ዘፈን የሚከፍት ሰው አልሞተም መቼስ። ከዚያ ወዲህ ግቢው የገባችው ሚስቱ ብቻ ናት።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል።»

«ስድስት ሰዓት» አለ አዛዡ፤ ሰዓቱን እያየ ወጣ።

ሰብለወርቅ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ደሙ በሄድፎኑ ቅስት ላይ ደርቋል። ቀስ አድርጋ አነሳችው። ከቅስቱ ሥር የነበረው ፀጉር አንድ ጣት በሚያህል ስፋት ንጹሕ ነው። ከዚያ የቁልፎቹን ገበታ አየች፤ ከላይኛው ረድፍ አንዷ ቁልፍ በቀይ ቀለም ተቀብታለች። ስክሪኑን ስታበራው መሐል ላይ የቆመ የድምፅ ፋይል ወጣ። ስሙ «የጥሩዬ ሰርግ፣ የምርቃት ማይክ» ይላል። ዲሪባ የሰርግ ቪዲዮ ቀርጾ የሚያቀናብር ሰው ነበርና የሚገርም ነገር የለውም። እሷ ግን ሄድፎኑን በመሐረብ ይዛ አንድ ደቂቃ ያህል አዳመጠች፤ ፊቷም ጠቆረ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤቲቱን ተከራይ፣ ራቢአን ነው። የሄመንን ልጅ አቅፋ ነበር።

«ትናንት ውሃ መጥቶ ነበር» አለች ራቢአ። «ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከሄመን ጋር ቦኖው ላይ ተሰልፈናል። ዘፈኑ ሲጀምር ጀሪካኗ ገና አልሞላም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልጁን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ለፖሊሶቹም ነግሬያቸዋለሁ። ‹ይኸውልሽ፣ ባሏ በሕይወት እያለ ነው የተመለሰችው› አሉኝና ጭራሽ ባሰባት። እኔ ነኝ ያስያዝኳት፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።» አለቀሰች።

ሁለተኛው እስራኤል ነው፤ የዲሪባ የሥራ ባልደረባ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ መንደሩ ውስጥ ቤት የተከራየ ካሜራ ማን።

«ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አጎቱን ኦቦ ቦጂያን እዚሁ ትቻቸው ነው።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በካሜራ ነገር ተነጫነጭን፣ አልዋሽም።»

«ይህቺ ቀይ ቁልፍ ምንድን ናት?»

እስራኤል ወደ በሩ ተመለከተ።

«የያዝኩት የሞተ ሰው ጉዳይ ነው» አለች። «ሌላው አያገባኝም።»

«የተከለከለውን የውጭ አገር ሬዲዮ በሄድፎን ይሰማ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በር ከተንኳኳ ቀይዋን ነካ ነው። ሄድፎኑ ይዘጋና በስፒከሩ የሰርግ ዘፈን ይጀምራል። በማውስ እየፈለገ ቢቀይር እስከዚያው ወታደሩ ቤት ውስጥ ገብቷል።»

«እዚህ የተከፈተውን ፋይል ለማጥፋትስ ስንት ይፈጅብሃል?»

«ለኔ? ሁለት ሴኮንድ።»

ሦስተኛው ኦቦ ቦጂያ፣ የሟቹ አጎትና የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ? እግዜር ያጽናዎት።»

«ምን መጽናት አለ ልጄ። እኔን መቅበር የነበረበት እሱ ነው።»

«ኮምፒውተር ይነካሉ?»

«እኔ? በየት እንደሚበራም አላውቅ። ደህና ሁን ብዬው ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ዘፈኑ ጀመረ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም እዚያችው ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው በጋቢ ተሸፍኗል። ሄመን እጇ በካቴና ታስሮ ገባች፤ ልጇ ሲያያት ማልቀስ ጀመረ፣ ልታቅፈው አልቻለችም። ያንን ማየት ለማንም ከባድ ነበር፤ አዛዡ ራሱ ፊቱን አዞረ።

«ሄመን» አለች ሰብለወርቅ፣ «ከቦኖው ተመልሰሽ፣ ሬሳውን እስካገኘሽበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባልሽ ዘንድ ያልገባሽው ለምንድን ነው?»

«እስከዚያ ድረስ ስፒከሩ ይጮህ ነበር። ስፒከር ከጮኸ ሰው አለ ማለት ነው፤ ልጄን ይዤ ጓዳ እቀመጣለሁ። እንዲያ ነው የተስማማነው። ብቻውን ሲሆን በሄድፎን ነው።»

«ጥሩ። አሁን ስሙኝ። ደሙ ከሄድፎኑ ቅስት በላይ እንጂ ከሥሩ የለም። ስለዚህ ሲመታ አድርጎት ነበር፤ ከተመታ በኋላም አላወለቀውም። ጆሮውን ደፍኖ በስፒከር ዘፈን የሚከፍት ሰው የለም፤ በር ተንኳኳ ብሎ ቢከፍተው እንኳ ሄድፎኑን አውልቆ ይነሳ ነበር። ይህችን ቀይ ቁልፍ ተጭኖ ድምፁን ወደ ስፒከር የወሰደው የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ያውም ዲሪባ ከሞተ በኋላ። ዘፈኑ ሲጀምር ደግሞ ሄመን ቦኖው ላይ ነበረች፤ ምስክሯ ራቢአ ናት።»

አዛዡ ወደ እስራኤል ዞረ። «ታዲያ ቁልፏን የሚያውቅ እስራኤል ነዋ።»

«እስራኤል ቢሆን ዲሪባ የተገደለበትን ፋይል በሁለት ሴኮንድ ያጠፋው ነበር። ፋይሉ ግን እንዳለ አለ። ገዳዩ ማጥፋት አይችልም፤ ከዚህ ሁሉ ቁልፍ የሚያውቀው አንዷን ነው። ሄመን፣ ቀለሙ የማን ነው?»

«የኔ የጥፍር ቀለም ነው።»

«ለማን ተብሎ ተቀባ? ለባልሽ ምልክት አያስፈልገውም ነበር።»

ሄመን ወደ ኦቦ ቦጂያ ዞረች። እስኪገባት ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«ለአንቱ ነው» አለች። «እሁድ እሁድ መጥተው ሬዲዮውን ሲሰሙ ፊደል ስለማይለዩ ነው። ‹በር ከተንኳኳ ቀይዋን ይጫኑ› ብሎ ለአንቱ ነው ያስቀባኝ።»

ሰብለወርቅ ያንን ፋይል ከፈተችና ድምፁን ወደ ስፒከሩ አዞረችው። በጥሩዬ ሰርግ ላይ ለምርቃት ደረታቸው ላይ የተሰካው ማይክ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ የኦቦ ቦጂያ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ስም ለሚመዘግብ የመንግሥት ሰው በሹክሹክታ ይናገራሉ። «ጻፍ። ኢፋ፣ የሄመን ወንድም። የአስተማሪው ልጅ። ወጣቱን የሚያነሳሱት እነሱ ናቸው። የኔን መሬት ብቻ ፕላኑ እንዳይነካው።»

ቀጥሎ ስድስት ስም ተጠራ። ሄመን በወንድሟ ስም ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

ኦቦ ቦጂያ አልካዱም።

«ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አድርጎ የራሴን ድምፅ አሰማኝ» አሉ። «ነገ ለሽማግሌዎቹ በትልቁ ስፒከር ይሰማል አለኝ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። መልሶ ጆሮው ላይ አደረገና ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ቁልፏንስ ለምን ነኩ?»

«በሩ የተንኳኳ መሰለኝ። በር ሲንኳኳ ተጫን ተብዬ ነበር።»

የጭነት መኪናው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሰብለወርቅ ካቴናውን ከሄመን እጅ ፈትታ ለአዛዡ ሰጠችው፤ አዛዡም በሽማግሌው እጅ ላይ አሰረው። ሄመን ልጇን ነጥቃ አቀፈች። ከዚያ ከተጫኑት ወጣቶች መሐል ኢፋን አየችና ወደ መኪናው ሮጠች። ወታደሩ በዱላ አገዳት።

«የወንድሜስ ነገር?» አለች ወደ ሰብለወርቅ ዞራ። «ማን እንዳስያዘው ሰምተሻል እኮ።»

«እኔ የመጣሁት ለግድያው ነው» አለች ሰብለወርቅ። በሥራ ዘመኗ እንደዚያ ቀን ያፈረችበት ቀን አልነበረም።

ኢፋ ከስቷል። እህቱን ገና አላያትም፤ ሁለት ፖሊሶች እየደገፉ መኪናው ላይ የሚያወጧቸውን ሽማግሌ ነበር የሚያየው። የሆነውን ማንም አልነገረውም። ከተቀመጠበት የመኪናው ጥግ ተነሣ።

«ኦቦ ቦጂያ፣ አንቱንም ያዙዎት?» አለ። «ኮታ፣ ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ቦታውን ለቀቀላቸውና እግራቸው ሥር፣ የመኪናው ብረት ወለል ላይ ቁጢጥ አለ። ኦቦ ቦጂያ ተቀመጡ። ሄመን የወንድሟን ስም ጠርታ ጮኸች፣ ሞተሩ ግን ተነሥቶ ነበር።