ከመስጊዱ አጥር ውጭ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት መባቻ፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ በሸዋ ሮቢት ሰማይ ላይ አንድም ደመና አልነበረም፤ ከይፋት ቆላ የተነሣው ትኩስ ነፋስም አቧራውን ይነዳው ነበር።

አጣዬ ከነደደች ወር አልሞላትም፤ ተፈናቃዩ በየዘመዱ ቤት ተጠግቷል፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ሲነጋገር ቃሉን ይመርጣል። ማሾ አራሹ ሐጂ ሙዐዊያ ኑዛዜ ሳይናገሩ ድንገት ያረፉት በዚህ መካከል ነው። ልጃቸው ሩዋይዳ፣ አባቷ ከአንድ የአጣዬ ሰው ማሾ መበደራቸውን ታውቃለች፤ ከማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም። በጎተራቸው የቀረው ማሾ ለመጪው ክረምት ዘር ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ከጀናዛው ሶላት በፊት ወንድሟ ሳልህ እንደ ቀብር ልማድ ተነሥቶ፣ «በአባቴ ላይ ሐቅ ያለው ወደ እኔ ይምጣ» አለ። ማንም አልመጣም። ኢማሙ ሰልፍ ሊያስይዙ ሲሉ፣ ሩዋይዳ ሴት በማትቆምበት በር ላይ ቆማ ተገኘች።

«ውጭ ያሉት አልሰሙም» አለች።

«እነማን?»

«ክርስቲያኖቹ። ለቀብር መጥተው ኒሙ ዛፍ ሥር የቆሙት።»

ሳልህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱም ምስክሩም ከአጣዬ ጋር ቀርቷል፤ ዘራችንን አውጥተሽ ልትሰጪ ነው?»

«አባቴ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይቀበርም። አንተ ካልተናገርህ እኔ እጮኻለሁ።»

ኢማሙ ሼህ አብዱረሂም ሳልህን ቀድመው ወጡ፤ ቃሉንም በኒሙ ጥላ ሥር ለቆሙት ደገሙላቸው።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት ባልቴት ወደ አጥሩ ቀረቡ። ከአጣዬ የተፈናቀሉት እትዬ ፋናዬ ነበሩ።

«አበዳሪዋስ እኔ ነኝ፤ ሬሳ ፊት እህል መጠየቅ ነውር ሆኖብኝ ነው። ምሬዋለሁ።»

«አውፍታዎን አባቴ ይዞት ይሂድ፣ እትዬ፤ ማሾውን ግን ይወስዳሉ። ቤትዎ ነዷል።»

ፋናዬ በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። «አባትሽ ሲሰፍር የቁናውን አፍ በመዳፉ ጠርጎ የሚያስተካክል ሰው ነበር። አንቺስ?»

«እኔ ቁናውን እስኪፈስ ከምሬ ነው የምሰፍረው።»

በማግስቱ ማሾውን ሰፈረችላቸው። የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ ሰዎች የነደደውን ቤትና የወደቀውን ሰው መዘገቡ፤ በኒሙ ሥር የሆነውን የጻፈ የለም።

በዚያ ክረምት የሐጂ ሙዐዊያ ማሳ እኩሌታው ጦሙን አደረ።